ከጅዳ ጣራ ላይ

ጋሽ ከሊድ ባሕር አይተው አያውቁም። የጅዳን አሮጌ ሰፈር ግን እንደ ገዛ ሰፈራቸው እንደ ሆጤ ያውቁታል።

ልጃቸው ሳሚያ እዚያ በሰው ቤት ትሠራለች። ዓርብ ዓርብ ልብስ ልታሰጣ የአሠሪዎቿ ጣራ ላይ ስትወጣ በቪዲዮ ትደውላለች። ስልኳን እያዞረች ታሳያቸዋለች። የተፈለፈለ የእንጨት መስኮት ያላቸው የድሮ ፎቆች እርስ በርስ ተደጋግፈው ቆመዋል። ከእነሱ በላይ ሚናራዎች፣ ከሚናራዎቹ ወዲያ ባሕሩ።

ጋሽ ከሊድ ከተሸካሚነት ተነሥተው፣ በቆዳ ንግድ ደሴ ላይ ፎቅ ያቆሙ ሰው ናቸው። ሲያዩም እንደ ባለ ቤት ነው የሚያዩት።

‹‹ያ አረንጓዴ መስኮት ያለው ዘሟል። ባለቤት የለውም እንዴ?››

‹‹አባ፣ እሱ እኮ እርስዎ ሳይወለዱም ዘሞ ነበር!››

‹‹ቢሆንስ፣ አንድ ድጋፍ ያጣል? አንቺ ግን ከጠርዙ ራቂ።››

‹‹እሺ።››

‹‹እሺ አትበይኝ፣ ራቂ!››

ያ ጠርዝ እንቅልፍ ይነሣቸዋል። ከዐረብ አገር ፎቅ ስለወደቁ ልጆች ብዙ ሰምተዋል።

ባለፈው ዓርብ ሳሚያ ሳትደውል ቀረች። በማግስቱ መልእክት ገባ። ‹‹ደህና ነኝ አባ። ኔትወርክ አስቸግሮኝ ነው።›› ጋሽ ከሊድ ደጋግመው አነበቡት። ሳሚያ ጽፋላቸው አታውቅም፤ ወሬዋ ሁሉ በድምፅ ነው። መልሰው ቢደውሉ አታነሣም። ይህን ሌላ ሰው ነው የጻፈው አሉ በልባቸው።

ለታላቅ ወንድሟ ለመሕሙድ ደወሉ። መሕሙድ ከጅቡቲ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ኮንቴይነር የሚያመላልስ ሹፌር ነው። ስልኩ ዝግ ነው። በረሃ ሲገባ እንዲህ ነው፤ አልገረማቸውም።

እሑድ ረፋድ ላይ ታናሽ እኅታቸው ነጂባ ከኩታበር ሳትጠራ መጣች።

‹‹ምነው በደህና?››

‹‹ዓይኔን ልታከም ነው ጋሼ።››

‹‹ምን ነካው?››

‹‹እንዲሁ ያለቅስብኛል።›› ሻሿን ወደ ፊቷ ሳበች።

‹‹አብሽሪ፣ መሕሙድ ሲመጣ ሐኪም ቤት ያደርስሻል።››

ነጂባ ውኃ ላምጣ ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ውኃው ዘገየ።

ጋሽ ከሊድ ያን ጊዜ ነገሩን ማገጣጠም ጀመሩ። ወደ ገዛ ጣራቸው ወጡ። ከዚያ ላይ የሰፈሩ አጥር ሁሉ ከእግራቸው ሥር ነው። የጎረቤታቸው የይስማው ግቢ ውስጥ የቅሬው ድንኳን ከነብረቱ ተራግፏል፤ አግዳሚ ወንበሮችም ተደርድረዋል።

ይስማው የቅሬው ዳኛ ነው። በዚህ ሰፈር ክርስቲያኑም እስላሙም በአንድ ቅሬ ይቀባበራል። ሰው ሩቅ አገር ከሞተና እዚያው ከተቀበረ፣ ለቤተሰቡ እንደ ተሰማ አይነገርም። ዘመድ እስኪሰባሰብ ይጠበቃል፣ ድንኳን በጎረቤት ይዘጋጃል፣ ከዚያ ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎች በር ያንኳኳሉ። ጋሽ ከሊድ ራሳቸው የስንቱን በር አንኳኩተዋል።

‹‹አንተ ይስማው!›› አሉ ከጣራው ላይ። ‹‹የምን ድንኳን ነው?››

ይስማው ደነገጠ። ‹‹ሊታጠብ ነው።››

‹‹በዚህ ደመና?››

‹‹እንግዲህ... ሴቶቹ ናቸው ያሉት።››

‹‹ሴቶቹ! አንተን ደግሞ መቼ ነው ሴት ያዘዘችህ?››

ሌላ ቀን ቢሆን ይስማው ይሥቅ ነበር። ዛሬ ገመዱን መጠቅለል ቀጠለ።

‹‹ሳሚያ ደህና ናት?›› አሉ ጋሽ ከሊድ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ‹‹ማልልኝ።››

ይስማው ቀና ብሎ ዓይን ዓይናቸውን አያቸው። ‹‹ማርያምን! ደህና ናት።››

በሐሰት ሲምል ሰምተውት አያውቁም። ለእኔ ብሎ ኃጢአት ገባ ብለው አዘኑለት።

ሲመሽ ለመሕሙድ እንደ ገና ደወሉ። ዝግ ነው። አሁን ገባቸው፤ አውቆ ነው። እኅቱን እንደ ዓይኑ ብሌን የሚያይ ልጅ ነው። የአባቱን ድምፅ ሰምቶ መዋሸት ቢያቅተው ነው።

‹‹እኔ ከወደቅሁ እሱን ማን ያነሣዋል?›› አሉ ለብቻቸው። ‹‹በልጄ ፊት አልወድቅም።››

ሶላተ ሱብሒን ሰግደው ነጭ ጋቢያቸውን ለበሱ። የሳሚያን ስም እየጠሩ ዱዓ አደረጉላት፤ አላህ ጀነትን እንዲወፍቃት ለመኑላት። ነጂባ በራፉ ላይ ቆማ ስትሰማ ቆየችና አፏን በሻሿ አፍና ሸሸች። ጋሽ ከሊድ የውጭውን በር ራሳቸው ከፈቱና ደጃፉ ላይ ተቀመጡ።

ሰዎቹ ጎሕ ሲቀድ መጡ። ኢማሙ ከፊት፣ ይስማው ከጎኑ፣ የቅሬው ሰው ከኋላ።

‹‹ግቡ›› አሉ ጋሽ ከሊድ። ‹‹ዐውቄያለሁ፤ አትጨነቁ። ስሟን ብቻ አትጥሩብኝ።››

ኢማሙ ከይስማው ጋር ተያዩ። ከኋላ ሰዉን እየገፋች አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት መጣችና ከጋሽ ከሊድ እግር ሥር ተደፋች።

‹‹አባ!››

ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው ቀና አደረጉት። ሳሚያ ናት። ጉንጯን ዳሰሱ፣ ትከሻዋን ዳሰሱ፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ነኩ።

‹‹አልሐምዱሊላህ! አልወደቀችም!›› ሳቃቸው ከእንባቸው ጋር ተደባለቀ። ‹‹ልጄ ይቻት! እናንተ ምን ሆናችሁ ነው? ወላሂ፣ ገድላችሁኝ ነበር! ምነው ታለቅሳላችሁ?››

ይስማው ባርኔጣውን አወለቀ።

‹‹ደውሉ እንጂ ለመሕሙድ!›› አሉ ጋሽ ከሊድ እየሳቁ። ‹‹እኅትህ መጣች በሉት!››