የባሕር እይታ ያለው አፓርታማ

ጡረተኛው የውል ሕግ መምህር፣ ሚስቱ ዱባይ ውስጥ መሠረቱ ገና ካልተቆፈረ ሕንፃ ላይ የመረጠችውን አፓርታማ ውል ሦስት ሳምንት መረመረ። ሻጩ ርክክቡን እንዳሻው የማራዘም፣ ፎቁን የመለወጥ፣ ባሕር የሚያሳየውንም መስኮት በግድግዳ የመተካት መብት ተጎናጽፏል። ገዢውም ቢሆን መብት አልተነፈገም፤ ቀኑን ሳያሳልፍ መክፈል ይችላል።

«ይህን የሚፈርም ማንበብ ያልተማረ ነው» አላት ለሚስቱ። «ለዚህ ብለን መኖሪያችንን አንሸጥም።»

«እኔማ ትናንት ፈረምኩ፤ ቤቱንም ሸጥኩት» አለች።

«በምን ሥልጣን?»

«አምና በሰጠኸኝ ውክልና።»

«እሱ ለመብራት ቆጣሪው ጉዳይ ነበር።»

«መሸጥ መለወጥም ተጽፎበታል። ውልና ማስረጃ ያለችው ልጅ ‹አንብበውታል ወይ?› ብላ ስትጠይቅህ፣ ‹አስተምሬሽ ይሆናል እኮ፣ ልጄ› ብለህ እየሳቅህ ፈረምክ።»