ካላወቅህ አይ በል

ታራስ ቅዳሜ ከመጋዘን ሲወጣ ክንዱ የሱ አልነበረም። ከጠዋት ጀምሮ የዶሮ መኖ ከረጢት ከመኪና ሲያወርድ ነው የዋለው። የካናዳዋ የዊኒፔግ ብርድ ደግሞ ጓንት አይመልሰውም። ቤት ገባ፣ ከትናንት የተረፈ ፔሮጊ፣ ድንች የተሞላ የተቀቀለ ሊጥ፣ ሳያሞቅ ሁለቴ ጎረሰ፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ላፕቶፑ ፊት ዘፍ አለ።

ላፕቶፑ አሮጌ ነው። ጓደኛው ብሪን ከምትሠራበት የኮምፒውተር ጥገና ቤት ሊጣል ሲል አንስታ ያመጣችለት ነው።

«ከርነሉን ራስህ ሥራለት» ብላው ነበር፣ የኮምፒውተሩን ልብ ማለቷ ነው። «የማይረባውን ሁሉ ካወጣህለት ይነሳል።»

ሥራው አይከብድም፣ ይሰለቻል እንጂ። ልቡ ከመሠራቱ በፊት ማሽኑ ይጠይቃል። ይሄ ይኑር? ያ ይኑር? ዋይ የሚለውን ፊደል ከመታህ አዎ ነው፣ ኤንን ከመታህ አይ። ጥያቄውም መልሱም አንድ ፋይል ላይ ይጻፋል። የግድ የሚያስፈልጉትን ብሪን ቀድማ አዎ ብላለታለች። የሱ ድርሻ የቀሩት ስድስት መቶ ምናምን ናቸው። ከየጥያቄው ሥር ምክር አለ፦ ካላወቅህ አይ በል።

ብሪን ነገ ጠዋት ቶሮንቶ ትሄዳለች። ሥራ አግኝታለች። አብሯት የሚሠራው ኮልተንም እዚያው ተቀጥሯል፣ የሚሄዱትም በሱ መኪና ነው። ታራስ ሦስት ሳምንት ሙሉ «እኔም ልምጣ» የምትል ቃል አፉ ውስጥ ይዞ ይዞራል። ግን ከአሥረኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው፣ ጀምሮ የጨረሰው አንድ ነገር የሌለው ሰው፣ በምን ፊቱ? መጀመሪያ ይሄ ላፕቶፕ ይነሳ። ሲነሳ ይነግራታል።

ስልኩ ጮኸ።

«ጀመርክ?» አለች ብሪን።

«ገና አሁን።»

«ትናንት የላክሁልህን ኮድ ነው አይደል የምትጠቀመው? ትንሽ ነካክቼዋለሁ።»

«ምኑን?»

«ታየዋለህ። ብቻ እያነበብክ መልስ። እንደ ከረጢትህ እያነሳህ አታፍርጠው።»

«ኧረ ባክሽ! ማንበብ እችላለሁ እኮ።»

«ማን አትችልም አለህ፣ አንተ አኩራፊ?» ከኋላዋ ኮልተን ሲስቅ ተሰማ። «ኮልተን ነው፣ የኋላ ወንበሩን እያጸዳ። የበርገር ወረቀቱ ለክረምቱ ማገዶ ይበቃል።»

ስልኩን ዘጋ። ሰውየው ወንበር የሚያጸዳው እሷ በር ላይ ነው?

መመለስ ጀመረ። ማተሚያ? አይ። የድሮ ዲስክ? አይ። የመርከብ ሬዲዮ? ዊኒፔግ ውስጥ የምን መርከብ፣ አይ። ከመቶ በኋላ ምክሩን ማንበብ ተወ። ከሁለት መቶ በኋላ የመጀመሪያውን ቃል ብቻ ያይ ጀመር። ከዚያ ቃሉንም ተወው። ዓይኑ ይከደናል፣ ጣቱ ይሠራል። ኤን። ኤን። ኤን። ኮልተን ደግሞ ጆሮው ውስጥ ይስቃል።

አንዴ አጭር ነገር፣ ሥሯ ምክር የሌላት፣ ያለፈች መሰለው። ጣቱ ቀድሞት ነበር። ልመለስ ብሎ አሰበ፣ ክንዱ ግን እምቢ አለ።

ማሽኑ አዲሱን ልብ መገንባት ሲጀምር ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ጮኸ። ታራስ ጠረጴዛው ላይ ግንባሩን ደፍቶ ተኛ። ሌሊት ሲነቃ ሥራው አልቆ ነበር፣ አስነሳው።

ብሪን ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጣች። ካፖርቷን አላወለቀችም።

«ተነሳ?»

«ተነስቷል!» አለ፣ ፊቱ በርቶ። «እይው፣ እንዴት እንደሚፈጥን!»

ፍጥነቱን አላየችም። መልሶቹ ያሉበትን ፋይል ከፈተች፣ ወደ ታች ወረደች፣ ወረደች፣ ቆመች።

«ሁሉንም አንብበህ ነው የመለስከው?»

የኮልተን ሳቅ አሁንም ጆሮው ውስጥ ነበር።

«ሁሉንም» አለ። «አንድ በአንድ።»

«አስበህበት?»

«አስቤበት ነዋ! ምነው፣ ያልተማረ ሰው አያስብም?»

«እንደዛ አልወጣኝም።» ላፕቶፑን ቀስ አድርጋ ወደሱ አዞረችለት። «ጎበዝ ነህ ታራስ። የጀመርከውን ጨረስክ።»

ውጭ የመኪና ጡሩምባ ተነፋ።

«እሱ ነው?»

«እሱ ነው። የኋላው ወንበር ላይ ካርቶን ልንጭንበት ነው።»

ታራስ አፉ ውስጥ ያለችውን ቃል ዋጣት።

«እንግዲህ መልካም መንገድ» አለ።

ብሪን ራሷን ነቀነቀች። በሩ ጋ ስትደርስ ኮፍያዋን እስከ ዓይኗ ድረስ ሳበችው፣ ወጣች።

ድሮም አውቆታል። መኪና ያለው ሰው፣ ሥራ ያለው ሰው፣ የሚስቅ ሰው። የመኪናው ድምፅ እስኪጠፋ ጠበቀ። ከዚያ ላፕቶፑን ሊዘጋ እጁን ሰደደ። ፋይሉ እሷ ቆማ የነበረበት ቦታ ላይ እንደተከፈተ ነው። መሃሉ ላይ ሥሯ ምክር የሌላት አንዲት አጭር መስመር አለች።

«ከኔ ጋር ቶሮንቶ ትመጣለህ? — አይ።»