የዳንግላው ኮራጅ

መምህር ስማቸው ተማሪን በሦስት ይከፍሉት ነበር። ጎበዝ አለ፤ ደደብ አለ፤ ሁለቱም ነኝ የሚል ከመጣ እሱ ሌባ ነው። ዳንግላ ዳር ባለችው ትምህርት ቤት አብረዋቸው የሚያስተምሩትም በዚህ ይስማሙ ነበር።

በ1954 ዓ.ም. ስምንተኛ ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ሌባ ተገኘ። ሽባባው ይባላል፤ ከዘንገና የመጣ የገበሬ ልጅ ነው፤ ዕድሜው ሃያ ይጠጋል። በቃል ሲጠየቅ መምህሩ ጠመኔ ሳያነሱ ሂሳቡን ይጨርሰዋል። ሰሌዳ ላይ ሲወጣ ግን ፊደሉ ይገለበጥበታል፤ የገዛ ስሙን እንኳ ይስታል።

የፈተና ወረቀቱ ግን ሁልጊዜ ጥርት ያለ ነበር። አንድ ቀን መምህሩ ጎን ለጎን ቢያዩት፣ የእሱና የአዝመራው ወረቀት የአንድ እጅ ጽሑፍ ሆኖ አገኙት።

አዝመራው የክፍሉ አንደኛ ነው። ከሽባባው ጋር በአንድ ዴስክ ተቀምጠው ቀኑን ሙሉ በአገውኛ ይንሾካሾካሉ። መምህር ስማቸው ከደብረ ማርቆስ የመጡ ናቸው፤ አገውኛ አያውቁም። ማወቅም አላስፈለጋቸውም፤ ማን ለማን እንደሚነግር ግልጽ ነበር።

ለመንግሥት ፈተና የሚቀርቡት የሚለዩበት ቀን ደረሰ። ሽባባው ካለፈ ሐኪም ቤት ገብቶ ቁስል የሚያጥብ ድሬሰር ሊሆን ነው፤ ከወደቀ ወደ ሞፈሩ ይመለሳል። መምህሩ ሌሎቹን በክፍላቸው፣ እሱን ግን ለብቻው ዕቃ ቤት ውስጥ አስቀምጠው ፈተኑ።

የሽባባው ወረቀት ባዶ ሆኖ ወጣ። መምህሩ ወደ ክፍሉ መልሰው ተማሪው ሁሉ ፊት አቆሙት።

"በቃል ይጠይቁኝ፣ መምህር" አለ ሽባባው።

"ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል። ፈተና የሚታረመው በዓይን ነው እንጂ በጆሮ አይደለም። አዝመራው፣ ና እዘለው።"

ደንቡ ነው፤ የሚገረፍ ተማሪ በጓደኛው ጀርባ ላይ ይታዘላል። አዝመራው የሽባባውን ሁለት እጅ ጨምድዶ ይዞ አዘለው። አለንጋው ማረፍ ጀመረ።

"አዝመራው ነው የሚሠራልኝ በል።"

በሃያኛው የሽባባው ሸሚዝ ተተለተለ፤ በሠላሳኛው ደሙ በአዝመራው አንገት ወረደ። አዝመራው ያለቅስ ነበር።

"በእግዜር ይተውት፣ መምህር።"

"አየህ?" አሉ መምህሩ ለሽባባው። "ሰርቀኸው እንኳ ያዝንልሃል።"

አውርደው እጁን ዴስኩ ላይ አስዘረጉት። በማስመሪያው ስለት ጣቶቹን መቱ። ደገሙ። የመሀል ጣቱ ሲሰበር ክፍሉ በሙሉ ድምፁን ሰማ። ሽባባው አዝመራውን አየው። አዝመራው መሬት መሬት ያያል።

"እሱ ነው የሚሠራልኝ" አለ ሽባባው።

"ውጣ። ከእንግዲህ እዚህ ደጅ እንዳላይህ።"

እጁን በነጠላው ጠቅልሎ ወጣ። ድሬሰርነቱ እዚያው ቀረ፤ አንጀት ይበላል። ከተማሪዎቹ ማንም ቀና ብሎ አላየውም።

መምህር ስማቸው አለንጋውን ጠርገው ሰቀሉ። ልባቸው ረክቷል። ተቀምጠው የቀሩትን ወረቀቶች ያርሙ ጀመር፤ ደስ እንዲላቸውም ከአዝመራው ጀመሩ።

ጽሑፉ እንደ ወትሮው ያምር ነበር፤ ዐሥሩንም ጥያቄ አንድ ፊደል ሳይስት ገልብጧቸዋል፤ ከሥራቸው ግን አንድም መልስ አልነበረም።