የዓሊማ መፋቂያ

«ኧረ ይሄን ሰውዬ አንድ በሉልን! ዱዓ አስጣለን እኮ!»

ይህን ያለው ውበቱ ነው... በንዴት ጋቢውን እየጎተተ።

ጊዜው 1977 ዓ.ም. ነው። ቦታው ከመካነ ሰላም ከተማ ወጣ ብሎ ያለ ሜዳ።

የበልጉ ዝናብ ቀርቷል። ከብቱ አልቋል... ሰውም መውደቅ ጀምሯል።

ስለዚህ ሰፈሩ ሁሉ ለወዳጃ፣ ለጋራ ዱዓ፣ ወጥቷል። እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ተቀምጦ፣ እጁን ዘርግቶ ዝናብ ይለምናል። ሸህ ኑርሁሴን ይመራሉ፣ ሰው «አሚን» ይላል።

እና በመሀል...

ኽርርርር...

ይማም!

ይማም በበቅሎ እህል የሚያመላልስ፣ ግዙፍ፣ አንገቱ አጭርና ወፍራም ሰው ነበር። ጎረቤቱና የልብ ወዳጁ ውበቱ «ረሃቡ ሁላችንንም ሲያገኝ ያንተን አንገት ረሳው» እያለ ይቀልድበታል።

ይማም የተቀመጠበት ሁሉ ይተኛል። በዚያው ሰሞን በገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ ተኝቶ ሊቀመንበሩ «አብዮቱን ንቀሃል!» ብሎ አፋጥጦታል። በደህናው ዘመን ወዳጃ ላይ ጫት ስለማይጠፋ ትንሽ ያነቃው ነበር። ዘንድሮ ግን ከውሃ በቀር የሚቀርብ የለም...

ከይማም ኋላ፣ ወንዶቹ መሀል፣ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። ሚስቱ ዓሊማ።

በእጇ የጥርስ መፋቂያ ይዛለች። በየመሀሉ ጎኑን ወጋ ታደርገዋለች። እሱም ብንን ይልና ተመልሶ ይተኛል።

ሰፈሩ ይህን ለምዶታል። ስብሰባም ይሁን ለቅሶ፣ ይማም ካለ ዓሊማ ከኋላው አትጠፋም። ግማሹ «ቅናት ነው» ይላል። ግማሹ «በማንኮራፋቱ አፍራ ነው» ይላል።

ሴቶቹማ ያዝኑላታል። ዓይኗ ሁሌም እንደቀላ ነው። ጓደኛዋ ሀጀራ አንድ ቀን «ምናለ ለብቻሽ ብትተኝ?» ብትላት፣

«ያንኮራፋልኝ! እሱ ሲያንኮራፋ አይደል እኔም የምተኛ» አለቻት።

ሀጀራ ቀልድ መስሏት ሳቀች።

በወዳጃው ቀን ግን የሳቀ የለም። ሰው ተርቧል... ተቆጥቷል።

«ሸሆች፣ ሴት ወንድ መሀል መቀመጧስ? ዱዓችን አልሰማ ያለው በዚህ ቢሆንስ?» አለ አንዱ።

ሸህ ኑርሁሴን ትንሽ አሰቡና «ዓሊማ፣ ልጄ፣ ወደ እህቶችሽ ሂጅ» አሏት።

«ይተዉኝ ሸሆች... በአላህ፣ እዚሁ ልሁን።»

«ሂጅ ልጄ። ሰው ቅር እያለው ነው።»

ሄደች። መፋቂያዋን እንደያዘች ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች... ዓይኗ ግን እዚያው ባሏ ላይ ቀረ።

ዱዓው ቀጠለ። ይማምም ቀጠለ።

ኽርርርር...

ኽርርርርርር...

ከዚያ በድንገት...

ፀጥ!

«አልሃምዱሊላህ!» አለ አንዱ።

«ተመስገን! አሁን ገና ዱዓ ልናደርግ ነው» አለ ውበቱ። ሰው ሁሉ እፎይ ብሎ እጁን ዘረጋ።

ከሴቶቹ በኩል ግን ጩኸት ተሰማ...

ዓሊማ ናት! ሻሿ ወልቆ፣ የሰው ጉልበት እየረገጠች፣ በሸህ ኑርሁሴን ፊት ሳይቀር አቋርጣ እየሮጠች መጣች። ደርሳም የባሏን ጀርባ በሁለት እጇ ትደበድበው ጀመር።

«በዱዓ ላይ ባሏን ትመታለች!»

«አበደች! ያዟት!»

ውበቱ ሊይዛት ተነሳ። የወዳጁን ፊት ሲያይ ግን ባለበት ደርቆ ቀረ።

የይማም ከንፈር ጠቁሯል። ደረቱ ይታገላል... ትንፋሽ ግን የለም።

«ይማም! ተንፍስ! ተንፍስልኝ እንጂ!»

መታችው... ደገመችው...

«ኽኽኽኽ!»

ይማም ከውሃ ውስጥ እንደወጣ ሰው አየር ሳበ። ዓይኑን ሲገልጥ ሚስቱ ታለቅሳለች፣ ሰው ሁሉ ከቦታል።

«ምነው ዓሊማዬ? ዝናቡ መጣ እንዴ?»



ዓሊማ ሻሿን ከመሬት አንስታ ወደ ሰዎቹ ዞረች።

«እናንተ የምትሰሙት ሲያንኮራፋ ነው። እኔ የምሰማው ዝም ሲል ነው። ሲያንኮራፋማ በሕይወት አለልኝ!»

ለካ መፋቂያው ለማንኮራፋቱ አልነበረም። ያን ሁሉ ዓመት ስትወጋው የኖረችው ትንፋሹ ሲቆም ነው። ዓይኗ የሚቀላውም ሌሊቱን ዝምታውን ስትጠብቅ እያደረች ነው።

ሸህ ኑርሁሴን ቀስ ብለው ተነሱ። ከይማም ኋላ ያለውን ቦታ በእጃቸው ጠረግ ጠረግ አድርገው ዓሊማን አስቀመጧት። ከዚያም እጃቸውን ዘረጉ...

«ያ ረቢ፣ ዝናብህን ስጠን። ይማምም ያንኮራፋልን!»

«አሚን!» አለ ሜዳው በሙሉ። ከሁሉም በላይ የጮኸው ውበቱ ነበር።

ዝናቡ ያን ቀን አልመጣም። ወዳጃው ግን አልቀረም።

በሌላ ቀን ዓሊማ የእርዳታ እህል ልትቀበል ወረፋ ሄደች። ያን ቀን ከይማም ኋላ መፋቂያ ይዞ የተቀመጠው ማን ቢሆን ጥሩ ነው?

ውበቱ!

ዓሊማ መፋቂያዋን ስትሰጠው «ዝም ካለ ብቻ ነው፤ ሲያንኮራፋ እንዳትነካብኝ» ብላ አስጠንቅቃው ነበር። ውበቱም ዓይኑን ከይማም ሳይነቅል ዋለ...

ወዳጆቼ፣ ያኔ በዚያ ሰፈር የዚህን ነገር ስም የሚያውቅ አልነበረም። ዛሬ ሐኪሞች ያውቁታል፣ ሕክምናም አለው። የሚያንኮራፋ ሁሉ ታማሚ አይደለም። ግን በእንቅልፉ ትንፋሹ ቁርጥ ብሎ በኃይል የሚመለስ፣ ቀን ደግሞ በተቀመጠበት የሚያንቀላፋ ሰው ቤታችሁ ካለ፣ ቪዲዮ ቀርፃችሁ አትሳቁበት። ቪዲዮውን ለሐኪም አሳዩለት!

የሚወደን ሰው ማለት ጩኸታችንን ችሎ፣ ዝም ስንል የሚደነግጥልን ነው።

እስቲ ንገሩኝ... እናንተ ድንገት ዝም ብትሉ፣ ከሁሉ ቀድሞ የሚደነግጥላችሁ ማን ነው? ስሙን ከታች ጻፉለት፤ ይየው።