የኦዲል ወኪል

ኦዲል ቴሪዮ በሃያ ስድስት ዓመቷ በአንድ ፊልም ውስጥ የዓሣ አጥማጅ ሚስት ሆና አለቀሰች፤ ፈረንሳይም አብራት አለቀሰች። ከዚያ በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ዓመታት ሙሉ የገጠር ሐኪም ሆነች። በምትኖርባት በሩዋን ከተማ ገበያ ስትወጣ ሽንኩርት ሻጮቹ ሳይቀሩ «ዶክተር፣ ወገቤን እኮ!» እያሉ ያስቋት ነበር።

ድራማው ሲያልቅ አርባ ሁለት ዓመቷ ነበር። ከዚያ በኋላ ዝም።

ፓሪስ ያለው ወኪሏ ላምብሌ አንድም ሥራ አላመጣላትም። አንድ ዓመት፣ ሦስት ዓመት፣ ዘጠኝ ዓመት። ደብዳቤ እየጻፈች ለባሏ ትሰጠዋለች፤ ጋስቶን ወደሚሠራበት ፋርማሲ ሲሄድ ፖስታ ቤት ያደርስላታል፤ የሚመጣውንም ደብዳቤ የሚቀበለው እሱ ነው። መልስ የለም።

ጋስቶን ግን አልተለያትም። ሾርባ ሠርቶ ይጠብቃታል። ስታለቅስ ፀጉሯን ይዳብሳል።

«ተዪው ይሄን ሰውዬ! ወጣት ወጣቶቹን ነው የሚያሯሩጠው። አንቺን ረስቶሻል።»

«ስልክ ልደውልለት እንዴ?»

«ልትለምኚው? ሥራውን ነሳሽ፤ ክብርሽን ደግሞ ልትጨምሪለት ነው?»

አልደወለችም። ኩሩ ነበረች።

ገበያው ውስጥ ሻጮቹ ተቀየሩ። አዲሶቹ «እማማ፣ ስንት ኪሎ?» ይሏት ጀመር። ከዚያ ቀን ወዲህ መስታወት ፊት መቆም ተወች።

አንድ መጸው ጋስቶን እህቱን ሊጠይቅ እንደሄደ፣ ላምብሌ አንዲት የሃምሳ ዓመት ተዋናይት ለትልቅ ፊልም ማስፈረሙን ጋዜጣ ላይ አነበበች። ሃምሳ ዓመት! ወጣት እንኳ አይደለችም። ደሟ ፈላ፤ ካፖርቷን ደርባ የፓሪሱን ባቡር ተሳፈረች።

ቢሮው በር ላይ ቆማ፣ «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቀበሩኝ!» አለችው። «ምን በደልኩዎ?»

ሽማግሌው ከወንበሩ ተነሣ።

«እኔ? ማዳም ኦዲል፣ እኔ እኮ ለምኜ ለምኜ ነው የደከመኝ! የመበለቷን ገጸ ባሕርይ፣ የዳኛዋን... ይሄን አሁን የተፈረመውን ፊልም እንኳ መጀመሪያ የላክሁት ለእርስዎ ነው።»

«ውሸት!»

ላምብሌ መሳቢያውን ስቦ አሥራ አራት ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈ። ሁሉም አጫጭር ናቸው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት። «አልፈልግም። ካሜራ ሰልችቶኛል። እባክዎ ይተዉኝ።» ከሥር ኦዲል ቴሪዮ የሚል ፊርማ አለ።

የእጅ ጽሕፈቱ የጋስቶን ነበር።