ያልተሰማው ውዳሴ

ጆሮ ውስጥ የሚደረገው ማጣሪያ ማስታወቂያን ሁሉ ድምፅ አልባ ካደረገ ወዲህ ከተማው በሰላም ይኖራል፤ ያላደረገውም ሰው የለም። ውዳሴን ከማስታወቂያ ስለማይለይ ግን ረድኤት ዛሬ ማጣሪያውን ረገመችው። እጮኛዋ ኤርሚያስ የላካቸው ሽማግሌዎች ሙሽራውን ማወደስ ሲጀምሩ፣ አባቷ የሚያዩት ከንፈራቸውን ብቻ ነው።

«ምነው ዝም አላችሁ? ተቀመጡ እንጂ» አሉ አቶ ደርበው።

«እሺ ሳይሉን አንቀመጥም» አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋሽ ቢተው። «ልጃችን…» ብለው ሲቀጥሉ ድምፃቸው ጠፋ።

«አባዬ፣ ለዛሬ እንኳ አውጣው!»

«አንዴ አውጥቼው የገዛሁትን የፀጉር ማብቀያ ረሳሽው?» አሉ መላጣቸውን እየዳበሱ።

የረድኤት ትዕግሥት አለቀ። «ጋሼ፣ በቃ የኤርሚያስን ጉድ ንገሩት!»

ጋሽ ቢተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጁ ያንኮራፋል። ሲዘፍን ጎረቤት መስኮት ይዘጋል። እርስዎንማ ከመፍራቱ የተነሳ ስንቴ ከበርዎ ተመልሷል!»

አቶ ደርበው በሳቅ ፈነዱ። «ለካ ሰው ነው! ተቀመጡ፣ ልጄን ሰጥቻለሁ።»

ከዚያ ወደ ረድኤት ዞረው፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ። እሷ ያየችው ከንፈራቸውን ብቻ ነበር። ማጣሪያዋን ከጆሮዋ መንጭቃ አወጣች።

«አባዬ፣ እስቲ ድገመው።»

አቶ ደርበው አፈሩ። «ለሽማግሌዎቹ ውሃ አምጪ ነው ያልኩት።»

ማጣሪያው ግን ውሃ አምጪን ከልክሎ አያውቅም።