ምላስህን አንሣ

የየሺአረግ አባት በአሮጌው የድሬዳዋ ባቡር ላይ የቲኬት ተቆጣጣሪ ነበሩ። ባቡሩ ቆሟል፤ ቁጥጥሩ ግን ወደ ልጃቸው ተላልፎ እስከ ዛሬ አለ። የምትቆጣጠረው ባሏን ነው።

ባሏ ሰይፈ ሚካኤል ባጃጅ ነጂ ነው። የድሮዎቹ መድኃኒቶች ያልበገሩት ቲቢ ይዞት፣ ተስፋው ሁሉ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ በሚዋጥ አዲስ መድኃኒት ላይ ወድቋል። ነርሷ ሲስተር ዛምዛም ክኒኑን ለየሺአረግ በአደራ ሰጠቻት። ከእሷ የተሻለ ዘበኛ ከየት ይመጣል?

የሺአረግ በማለዳ ኪዳን አድርሳ ትመለስና ባሏን ትቀሰቅሰዋለች።

«ዋጥ!»

ይውጣል።

«አፍህን ክፈት! ምላስህን አንሣ!»

ያነሣል። በሞባይሏ መብራት ጉንጩን ሳይቀር ትፈትሻለች። የጥርስ ሐኪም እንኳ እንዲህ አይቶት አያውቅም።

ለጥቂት ወራት ሳሉ ጋብ አለ፤ ሥጋም ጣል አደረገ። ከዚያ ሳሉ ተመለሰ። የአክታው ምርመራ ውጤት ሲመጣ ሲስተር ዛምዛም ሁለቱንም አስጠራቻቸው።

«ተህዋሲው አዲሱንም መድኃኒት ተላምዶታል» አለች። «ከዚህ በኋላ የቀረን አማራጭ ብዙ አይደለም።»

የሺአረግ ባሏን መቅበር ታያትና አለቀሰች። እንባዋ ሳይደርቅ ቁጣዋ ደረሰ።

«ያስመልሰዋል! ምርቃናዬን ያበላሽብኛል ብሎ፣ ከቤት እንደወጣ ጣቱን ጉሮሮው ከትቶ ነው የሚያስመልሰው!»

«ኧረ አቦ! ወላሂ አንዱንም አላስመለስኩም።»

«ማተብ አስረህ ወላሂ ትላለህ ደግሞ!»

ስልኳን ይዛ ወጣች። የጫት ጓደኛው ዓብዱልአዚዝ ጋ ደውላ ስትጮህበት በሩ ተዘግቶም ይሰማል።

ሲስተር ዛምዛም ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሰይፈ፣ እውነቱን ንገረኝ። ክኒኑን የምትውጠው በልተህ ነው? በባዶ ሆድ ከሆነ አብዛኛው ወደ ደምህ አይገባም፤ ተህዋሲው በትንሽ በትንሹ እየቀመሰ ይለማመደዋል። መጀመሪያ ቀን ነግሬያችሁ ነበር።»

ሰይፈ ሚካኤል ወደ በሩ አየ። ላቡን ጠረገ።

«እሱን እንኳ እሷን ብትጠይቂ ይሻላል።»

የሺአረግ ቁና ቁና እየተነፈሰች ገባች። ዓብዱልአዚዝ በልጆቹ ምሎ ሰይፈ ንጹሕ ነው ብሏታል፤ ይሄ የባሰ አናዷታል።

«እትዬ የሺአረግ» አለች ሲስተር ዛምዛም፣ «ጠዋት ክኒኑን ከመዋጡ በፊት ምን ይበላል?»

የሺአረግ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ፈታ አለ። በመጨረሻ ስለ እሷ ልፋት የሚጠይቅ ሰው ተገኘ።

«ሰኞ ሰኞ እንቁላል ነው፤ ረቡዕና ዓርብማ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል እንዳይቀምስ እኔ ራሴ ቁጭ ብዬ ነው የምጠብቀው።»